በቄጠማ ላይ የተቆረቆረ መንደር

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

 

የዛሬውን ርዕስ የሰጡኝ አንዲት ቄጠማ ሻጭ ናቸው። የምኖረው ዓለም ባንክ ነው፤ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአየር ጤና ወዲያ። ለሰፈሩ እንግዳ የሆነ ሰው አንዳንዴ «ባንኩ የቱ ጋ ነው?» ይለናል። ያ ባንክ እዚህ የለም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በዓለም ባንክ ድጋፍ ከተሠሩ ቤቶች ነው ይባላል። እኛም ስሙን ለምደነው፣ ታክሲ ረዳቱ «ባንክ! ባንክ!» ሲል ገንዘብ ትዝ የሚለን የለም።

እና በበዓል ዋዜማ ከታክሲ ወረድኩ። ጥጉ ላይ እንደ ሁልጊዜው እማማ ቄጠማቸውን በማዳበሪያ ላይ ዘርግተው፣ ውኃ እየረጩ ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ እስሩ ስንት ነው?»

«ሁለት ውሰድ ልጄ። አንዱ አይበቃም፤ መሬቱ ገጠጥ ገጠጥ ብሎ ይታይሃል። ደግሞ አደራ፣ ብዙ ቀን እንዳታቆየው። ከሥር ይረጥብና ይሸታል። ማታ ማታ ከላይ አዲስ ነስነስ አድርግበት።»

እኔም ያነበብኩትን ለሰው ሳልነግር ማደር አልችልምና፣ ሩቅ አገር በሐይቅ ላይ ዓመቱን ሙሉ በቄጠማ ላይ የሚኖሩ ሰዎች እንዳሉ አጫወትኳቸው። ቤታቸው ቄጠማ፣ ደጃቸው ቄጠማ፣ ጀልባቸው ቄጠማ፣ ከሥራቸው ደግሞ ውኃ። እማማ ትንሽ አሰቡና፣

«ዓመቱን ሙሉ በዓል ነው በለኛ!» አሉኝ።

ሳቅን። ከዚያ ግን የነጋዴ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ታዲያ ስንት እስር ይፈጅባቸዋል?»

ለዚህ ጥያቄ በቆምኩበት መልስ አላገኘሁም። የዛሬው ዝግጅት ለእማማ ያልመለስኩት መልስ ነው፤ ሬዲዮናቸውን ከፍተው ከሆነ ይስሙኝ።

(አጭር ሙዚቃ)

መጀመሪያ ሣሩን እንወቀው። ሣር ካልኩ አይቀር ልታረም፤ ቄጠማ ሣር አይደለም። ልዩነቱን ማየት ለፈለገ ቀላል ነው። የሣርን አገዳ ብትይዙት ድቡልቡል ነው፣ አንጓ አለው፣ ውስጡም ብዙውን ጊዜ ክፍት ነው። ቄጠማ ግን በጣታችሁ ስታንከባልሉት ጠርዝ ጠርዙ ይሰማችኋል። በምላጭ ብትቆርጡት ጫፉ ሦስት ማዕዘን ነው። ውስጡም ባዶ አይደለም፤ በነጭ፣ እንደ ስፖንጅ ለስላሳ በሆነ ነገር የተሞላ ነው።

የጣናው ደንገል የቄጠማ ታላቅ ወንድም ነው። አገዳው እንደ ቄጠማ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ከሰው ቁመት በእጥፍ ያልፋል፤ አናቱ ላይ እንደ ጎፈሬ የተበተነ ጸጉር አለው። የጥንት ግብፆች ወረቀት የሠሩት ከእሱ ነው። በደቡብ አሜሪካ ደግሞ ቶቶራ የሚባል ዘመድ አላቸው። ሦስቱም ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ናቸው። የሚያመሳስላቸው ያ ነጭ ለስላሳ ነገር ነው፤ በጥቃቅን የአየር ክፍሎች የተሞላ ነው። አንድ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ክዳኑ ተገጥሞ ባልዲ ውኃ ውስጥ ለመድፈቅ ሞክራችሁ ታውቁ ይሆናል፤ እሺ አይልም፣ እየተገፋ ይወጣል። የደንገልም የቶቶራም አገዳ በዓይን የማይታዩ እልፍ ጀሪካኖች የተደረደሩበት ነው። ረግረግ ውስጥ የሚበቅል ተክል ሥሩ አየር ስለማያገኝ፣ አየሩን ከላይ ወደ ሥሩ የሚያወርድበት መንገድ ያስፈልገዋል። ተክሉ ለራሱ መተንፈሻ ብሎ ያበጀውን ሰው መጥቶ ጀልባ አደረገው።

አሁን ወደ ሩቁ ሐይቅ እንሂድ። እኔም በአካል አልሄድኩም፤ ዛሬ ከእናንተ ጋር በሬዲዮ ነው የምጓዘው፣ ሬዲዮ ደግሞ ቲኬት አይጠይቅም።

ቲቲካካ ሐይቅ በፔሩና በቦሊቪያ መካከል ይገኛል። ከባሕር ወለል በላይ 3,812 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የእንጦጦ አናት 3,200 ሜትር ገደማ መሆኑን አስቡ። እንጦጦ ላይ ወጥታችሁ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ከዚያ በላይ ሌላ ስድስት መቶ ሜትር ሽቅብ ወጥታችሁ ሐይቅ አገኛችሁ ማለት ነው። ስፋቱ ከጣና ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። በፔሩ በኩል ፑኖ የምትባል ከተማ ዳርቻው ላይ አለች። ከፑኖ በሞተር ጀልባ ብትነሱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከውኃው ላይ ቢጫ መንደሮች ብቅ ይላሉ። የኡሮስ ሕዝብ ደሴቶች ናቸው።

ከጀልባ ወርዳችሁ የመጀመሪያውን እግር ስታሳርፉ መሬቱ ሰመጥ ብሎ መልሶ ያነሣችኋል ይላሉ የሄዱት፤ ወፍራም ፍራሽ ላይ እንደመራመድ ነው። እማማ ቢሄዱ የመጀመሪያው ነገር ጎንበስ ብለው ጉዝጓዙን መዳሰስ ይሆን ነበር።

ይህ ደሴት እንዴት ተሠራ? እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆይ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ደሴቱ የተሠራው ከታጨደ ቶቶራ ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። መሠረቱ ሥር ነው። ቶቶራ በበቀለበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ፣ ሥሮቹ ለዓመታት እርስ በርስ እየተቆላለፉ፣ ከጭቃና ከበሰበሰ ቅጠል ጋር ተጋግረው ወፍራም ምንጣፍ ይሠራሉ። ኡሮሶቹ «ኪሊ» ይሉታል። ውስጡ ያለው ሲበሰብስ ጋዝ ይፈጥራል። ሊጥ ኩፍ ሲል አይታችሁ የለ? እንደዚያው ነው። ዝናቡ ጠንክሮ ሐይቁ ሲሞላ፣ ኩፍ ያለው የሥር ምንጣፍ ከሐይቁ ወለል እየተላቀቀ ይንሳፈፋል። ሰዎቹ ያን ጊዜ ጠብቀው፣ በረጅም መጋዝ እንደ ድፎ ዳቦ ትልልቅ አድርገው ይቆርጡታል። ቁራጮቹን በጀልባ ይጎትቷቸዋል። በየቁራጩ መሐል እንጨት ይተክሉና እንጨቱን ከእንጨት በገመድ ያያይዛሉ። በወራት ውስጥ ሥሮቹ ራሳቸው ተሳስረው አንድ ይሆናሉ።

እንጨቱ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ባሕር ዛፍ ነው። እኛ ዘንድ በምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ እነሱም አገር ገብቷል። እዚያ ግን የባሕሩን ቤት ይይዛል። ስሙን እኛ አወጣንለት፣ ሥራውን እነሱ ሰጡት ማለት ነው።

ከሥሩ ላይ የታጨደው ቶቶራ ይመጣል። አንድ ድርብ ወደዚህ፣ ሌላው ድርብ በአግድም፣ እንደገና ወደዚህ፤ እንደ ሽመና ድርና ማግ ነው። በዚያ ላይ ተጨማሪ ቶቶራ ከፍ ተደርጎ ይቆለልና ቤቱ ይቆማል፣ ርጥበት እንዳይደርስበት። ቤቱም የቶቶራ ምንጣፍ ነው። ምድጃው ደግሞ በድንጋይና በሸክላ ላይ ይቀመጣል፤ ወለሉ ደረቅ ጉዝጓዝ በሆነበት ቤት እሳት እንዴት እንደሚፈራ የጎጆ ቤት ልጅ የሆነ ያውቀዋል። በመጨረሻም ደሴቱ በገመድ ከሐይቁ ወለል ላይ ከተቸከሉ ምሰሶዎች ጋር ይታሰራል። ያለዚያ ነፋስ መጥቶ ሌሊት ወደ ቦሊቪያ ሊያሻግራቸው ይችላል። ይህን ቀልድ ራሳቸው ኡሮሶቹ ለእንግዳ ይነግሩታል።

በአንድ ደሴት ላይ ጥቂት ቤተሰቦች አብረው ይኖራሉ፤ መሪያቸውን ይመርጣሉ። ጎረቤት ከጎረቤት የማይስማማ ከሆነስ? መጋዙ አለ። ደሴቱን ለሁለት ይቆርጡና ገመዱን ፈትተው ይለያያሉ። የዓለም ባንክን የአጥር ክርክር ለሚያውቅ ሰው ይህ እንዴት ያለ ዕፎይታ መሰላችሁ!

ወደ እማማ ጥያቄ ልምጣ። ስንት እስር ይፈጃል? ቶቶራው ከሥር ይበሰብሳል፣ ከላይ ይረገጣል። ስለዚህ በየጥቂት ሳምንቱ፣ በዝናብ ወራት ደግሞ ቶሎ ቶሎ፣ አዲስ ቶቶራ ከላይ ይጎዘጎዛል። ጉዝጓዙ ሲወፍር ቤቱን ራሱን አንሥተው ከሥሩ ይሞላሉ። እንደዚያ የተያዘ ደሴት ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ይቆያል፤ ከዚያ ሥሩ ይደክምና አዲስ ደሴት ይጀመራል። አንድ ክረምት ጉዝጓዝ የዘለለ ቤተሰብ ግን እግሩን ውኃ ያገኘዋል። ስለዚህ እማማ፣ መልሱ «ስንት እስር» አይደለም። ያለ ማቋረጥ ነው። እርስዎ ለእኔ የመከሩኝን ምክር እነሱ ዕድሜ ልካቸውን ይፈጽሙታል፤ ማታ ማታ ከላይ አዲስ ነስነስ።

እኛስ በየክረምቱ ደጃችን ላይ ገረጋንቲ የምንደፋው፣ ጭቃው እየዋጠው በዓመቱ እንደገና የምንደፋው ለምንድን ነው? ቤት አንድ ጊዜ ሠርተውት የሚያርፉበት ነገር ነው ያለ ሰው ቤት ሠርቶ አያውቅም።

(አጭር ሙዚቃ)

ኡሮሶች ከስንት ዘመን ጀምሮ ነው በውኃ ላይ የሚኖሩት? ኡሮሶቹ ራሳቸው፣ ኢንካዎች ሲገፏቸው ወደ ሐይቁ እንደገቡ ይተርካሉ። ጠላት ሲመጣ ገመድ ፈትቶ መንደሩን ይዞ መሄድ ነው። ሆሴ ደ አኮስታ የሚባል የስፔን ኢየሱሳዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1590 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የኡሮስ መንደሮች በቶቶራ ታንኳ ላይ ሆነው ከዓለት ጋር ታስረው እንደሚታዩ፣ ካስፈለገም መንደሩ በሙሉ ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ እንደሚሄድ ጽፏል። ይኸው ቄስ ታዲያ ስለ ሰዎቹ ሲናገር በንቀት ነው፤ ራሳቸውን ከሰው ወገን የማይቆጥሩ ሕዝብ አድርጎ ሥሏቸዋል። ይህን ንቀት ያዙልኝ፤ ወደ አገራችን ስንመለስ እንደገና እናገኘዋለን።

ቋንቋቸውም ጠፍቷል። የጥንቱን የኡሩ ቋንቋ ትተው የጎረቤቶቻቸውን አይማራ ይናገራሉ፤ ስፓኒሽም ጨምረዋል። የሚበሉት ዓሣና የውኃ ወፍ ነው። የቶቶራውን ነጭ ሥር እንደ ሸንኮራ ልጠው ይበላሉ፣ ለሕመምም ይይዙታል። ልጆቻቸው በተንሳፋፊ ትምህርት ቤት ይጀምራሉ፣ ከፍ ሲሉ ወደ ፑኖ ይሻገራሉ። በየጣሪያው ጎን የፀሐይ ኃይል መቀበያ ተተክሏል፤ በሣር ቤት ውስጥ ከሻማ የተሻለ መብራት ነው። እኔን በጣም ደስ ያሰኘኝ ግን የራሳቸው የኤፍ ኤም ሬዲዮ ጣቢያ ያላቸው መሆኑ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ በቄጠማ ላይ ቆመው ማይክሮፎን ይዘው ይታዩኛል።

ዛሬ ዋናው ገቢያቸው ጎብኚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ከባድ አውሎ ነፋስ ደሴቶቹን ካመሰቃቀለ በኋላ ብዙዎቹ ወደ ፑኖ ተጠግተው ተተከሉ፤ ለቱሪስት ጀልባም ቀረቡ። አሁን እንግዳው ይመጣል፣ በክብ ይቀመጣል፣ አንዱ የደሴቱ ሰው ትንሽ ኪሊና ትንሽ ቶቶራ ይዞ አሠራሩን ያሳያል፣ ሴቶቹ ጥልፋቸውን ይዘረጋሉ፣ እንግዳው በተዋበ ጀልባ ዞር ዞር ብሎ ይሄዳል። ይህን «ትያትር ነው» ብለው የሚያጣጥሉ ጎብኚዎች አሉ። እኔ አልስማማም። እኛስ እንግዳ ሲመጣ ያልተነካ ስኒ አውጥተን፣ ዕጣን አጭሰን አይደል ቡና የምናፈላው? ያ ውሸት ነው? የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ከሚከፈለው ገንዘብ ቶቶራውን ለሚያጭደው ሰው የሚደርሰው ስንቱ ነው የሚለው።

እንዲህ ያለ ኑሮ በቲቲካካ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በደቡብ ኢራቅ፣ ጤግሮስና ኤፍራጥስ በሚገናኙበት ረግረግ፣ ማዕዳን የሚባሉት አረቦች ሸምበቆ ቆልለው ደሴት ይሠራሉ፤ የሸምበቆ አዳራሾቻቸውም ግርማቸው ያስደንቃል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሳዳም ሁሴን መንግሥት ውኃውን በቦይ አድርቆባቸው ብዙዎቹ ተሰደዱ። አገዛዙ ሲወድቅ ግድቦቹ ተሰበሩ፣ ውኃው በከፊል ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ዩኔስኮ ቦታውን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የሸምበቆ ሰው ውኃው ሲሄድ አገሩ ሄደ ማለት ነው።

(የውኃ ድምፅ)

አሁን ወደ ቤታችን፣ ወደ ጣና።

በኢትዮጵያ በተንሳፋፊ የደንገል ደሴት ላይ የሚኖር ሕዝብ የለም። በሐይቅ ደሴት ላይ የሚኖሩ ግን አሉ፤ በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች የዛይ ሕዝብ፣ በጣና ደሴቶች ደግሞ ገዳማቱ። የሐይቁን ተክል እንደ ኡሮሶች የእጁ ሥራ፣ የእንጀራው ምንጭ ያደረገው ሕዝብ ግን ነገደ ወይጦ ነው። በባሕር ዳር፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ፣ በደራ፣ በፎገራ፣ በደምቢያና በሌሎቹም የጣና ዳርቻዎች ይኖራሉ።

የታንኳ አሠራሩን ተመልከቱ። ደንገሉ በውኃው ዳር ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ርጥቡ ከባድ ነው፣ ፈጽሞ የደረቀውም ይሰባበራል፤ መሐሉን የሚያውቀው እጅ ነው። ከዚያ አገዳዎቹ በእቅፍ በእቅፍ እየተደረጉ በልጥ ወይም በገመድ ጥብቅ ተደርገው ይታሰራሉ። ጥብቅ መሆኑ ለማማር ብቻ አይደለም። ውኃ ወደ ደንገል የሚገባው በዋናነት በተቆረጠው ጫፍ ነው፤ እስሩ የላላ ታንኳ ቶሎ ይጠጣል። ጫፎቹ ወደ ላይ ቀና ይደረጋሉ፣ በውስጡም ሌላ የደንገል እስር ይነጠፍለታል፣ ሰውና ጭነት እንዳይርስ። መቅዘፊያው ረጅም ቀርከሃ ነው። ከሥራ ሲመለስ ታንኳው ከውኃ ተጎትቶ ወጥቶ ይቆማል፣ ፀሐይ ይጠጣል። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው፤ ቢበዛ የወራት ነገር ነው። ከዚያ እንደገና ሌላ ይታሰራል። የኡሮስን ጉዝጓዝ አስታወሳችሁ? በዚህም ሐይቅ፣ በዚያም ሐይቅ፣ የሠሩት ነገር ቀስ እያለ ወደ ውኃው እንደሚመለስ ያውቃሉ፤ አውቀው ነው የሚሠሩት።

በእነዚህ ታንኳዎች ማገዶ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ይሻገራል፣ ዓሣ ይጠመዳል፣ መነኮሳት ከደሴት ደሴት ይሄዳሉ። ሴቶቹ ከደንገሉና ከሌላው የውኃ ዳር ተክል ቅርጫት ይሠራሉ። በየቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ትንሽ የታንኳ ምስል፣ ከባሕር ዳር ለዘመድ የምናመጣው፣ ከዚህ እጅ ሙያ የተቀዳ ነው።

ነገደ ወይጦ በቀድሞ ዘመን ጉማሬ አዳኞች ነበሩ። ሥጋውን ይበላሉ ተብለው ጎረቤቶቻቸው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ አብረዋቸው ማዕድ አይቆርሱም ነበር። ሃይማኖታቸው እስልምና ነው፤ የዓባይን ውኃ የሚያከብሩበት የቆየ እምነትም ነበራቸው። እንግዲህ ያን ንቀት ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ታንኳቸውን እንገዛለን፣ በታንኳቸው እንሻገራለን፣ እጃቸው በሠራው ቅርጫት እንጀራ እናስቀምጣለን፤ ከእነሱ ጋር ግን አንበላም። ይህ በአገራችን ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን ያገኘ ያው በሽታ ነው። ለሠራው እጅ ያለን ውለታ በጨመረ ቁጥር ባለ እጁን ማራቅ። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ሲገባኝ ይህ ግን አልገባኝም።

የቋንቋቸው ታሪክ ደግሞ ከኡሮሶቹ ጋር መንታ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ በጣና አካባቢ ሲያልፍ፣ ነገደ ወይጦ ከሌላው የአገሩ ቋንቋ ሁሉ የተለየ ቋንቋ እንደሚናገሩ ጻፈ፤ ከቋንቋው ግን ምንም ናሙና አልተወልንም። ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮኽ በ1907 ስለ እነሱ ሲጽፍ የሚናገሩት አማርኛ ብቻ ሆኖ ነበር። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በ1928 ሲመጣ ጥቂት ቃላት ብቻ ቀርተው አገኘ።  የተረፉት ቃላት ጥቂት ስለሆኑ ቋንቋው የየትኛው ቤተሰብ እንደነበረ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። የሐይቁን ነፋስ፣ የደንገሉን ዕድሜ፣ የዓሣውን ዓይነት በዚያ ቋንቋ ምን ምን እያሉ ይጠሩት ነበር? አንድ ብዕር እንኳ በጊዜው ቢደርስለት ኖሮ!

(አጭር ሙዚቃ)

ሁለቱ ሐይቆች አንድ ጊዜ ተገናኝተዋል ብላችሁ ታምናላችሁ? ተገናኝተዋል፤ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ።

ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ተነሣ። ግብፅ ውስጥ ደንገል ጠፍቶ ስለነበር ወደ ጣና መጣ። ከጣና የታጨደው ደንገል ወደ ግብፅ ተጋዘ፤ ከቻድ ሐይቅ የመጡ የቡዱማ ታንኳ ሠሪዎች በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ «ራ» የተባለችውን መርከብ ሠሩ። ራ እ.ኤ.አ. በሜይ 1969 ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ተነሣች፤ ከብዙ ሳምንት ጉዞ በኋላ፣ የካሪቢያን ደሴቶች ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ኋላዋ እየሰመጠ ስላስቸገረ ትተዋት ወጡ።

ሄየርዳል ተስፋ አልቆረጠም። በዓመቱ ዳግመኛ ሲሠራ ደንገሉን አሁንም ከጣና አስመጣ። ሠሪዎቹን ግን ከሌላ ቦታ ጠራ፤ ከቲቲካካ ሐይቅ፣ በቦሊቪያ በኩል ካለችው ከሱሪኪ ደሴት፣ አራት የአይማራ ሰዎች። ቶቶራን እያሰሩ ያደጉ እጆች የጣናን ደንገል አሰሩ። ጥብቅ አድርገው፣ አንድ ወጥ አድርገው፣ በራሳቸው ዘዴ። «ራ ሁለት» እ.ኤ.አ. ሜይ 17 ቀን 1970 ከሳፊ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች፤ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ። መርከቧ ዛሬ በኦስሎ፣ በኮን ቲኪ ሙዚየም ቆማ ትታያለች።

የአንድ ኖርዌያዊ ስም በዓለም ተጠራ፤ ይገባዋል። ደንገሉ ግን የጣና ነበር። ኦስሎ ያለ ልጅ መርከቧ አጠገብ ቆሞ የጣናን ደንገል ሲያይ፣ እዚህ ያለ ተማሪ ስለዚህ በትምህርት ቤት ሰምቶ ያውቃል? እኔ ተማሪ ሳለሁ አልሰማሁም።

ደንገሉ ራሱ ዛሬ ችግር ላይ ነው። ውኃው በሚሸሽበት ዳርቻ እርሻ እየገባ ደንገሉ ተመንጥሯል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓባይ መውጫ ላይ የተሠራው የጨረጨራ ግድብ የሐይቁን ከፍታ ስለሚቆጣጠረው፣ ውኃው በወቅቱ ሲሞላና ሲጎድል የኖረው የቀድሞው ሥርዓት ተለውጧል፤ ደንገል ደግሞ በዚያ ሥርዓት ነው ያደገው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ የሚባለው አረም መጣ። የሚገርመው እምቦጭም የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው፤ የዚያ አህጉር ታንኳ ሠሪ ደንገላችንን የነካው አንድ ጊዜ ነው፣ አረሙ ግን የመጣው ለመቆየት ነው። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ መመዝገቡ ጥሩ ነው፣ ደንገል ግን በወረቀት አይበቅልም፤ ወረቀት ነው ከደንገል የሚበቅለው። ባሕር ዳርም እየሰፋች ስትሄድ ነገደ ወይጦ ከውኃው ዳር እየተገፉ፣ ደንገል ፍለጋ ርቀው መሄድ ግድ ሆኖባቸዋል።

ከእናንተ መካከል ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ብዙ ሰው አለ፤ ለሠርግ፣ ለጥምቀት፣ ለሥራ። ስትሄዱ ታንኳ ሠሪውን ፈልጉት። ስትጠሯቸው «ነገደ ወይጦ» በሉ፤ አንዳንድ ሰው እንደ ስድብ የሚወረውረውን አጠራር ተዉት። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ሰላምታ አቅርቡ፣ አስፈቅዱ። ቅርጫቱን ስትገዙ እንደ ቦንዳ ልብስ አትከራከሩበት። ቡና ካቀረቡላችሁ ጠጡ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም በላይ ነው።

ጊዜያችን እየደረሰ ነው። ለልጆች የቤት ሥራ ልስጥና ልሰናበት።

በበዓል ጉዝጓዝ ላይ ከተረፈው ቄጠማ አንድ እቅፍ ውሰዱ። መጀመሪያ አንዱን አገዳ ቁረጡና ጫፉን አይታችሁ ሥዕሉን ደብተራችሁ ላይ ሥሩ። ከዚያ ሁለት እኩል እስሮች አዘጋጁ፤ አንዱን አላልታችሁ፣ ሌላውን ወንድማችሁ እስኪያቃስት አጥብቃችሁ እሰሩ። ሁለቱንም ባልዲ ውኃ ላይ አስቀምጡ፣ በየላያቸው እኩል ክብደት ያላቸው ትንንሽ ድንጋዮች ጫኑ። በየሰዓቱ እያያችሁ ጻፉ። የትኛው ቀድሞ ሰመጠ? በስንት ሰዓት? ያገኛችሁትን በሚቀጥለው ሳምንት ደውላችሁ ንገሩኝ፤ እኔም ዓለም ባንክ ታክሲ ተራ ሄጄ ለእማማ እነግራቸዋለሁ።

ሰላም ሁኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)